ከጠርዙ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ

ሳህኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ስመዝነው ዘጠኝ መቶ አርባ ግራም ነበር። የእናቴን የወጥ ቤት ሚዛን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤ ያየሁትን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርጓል።

«ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ መቶ አርባ።»

«ደግመሽ እይ።»

ደግሜ አየሁ። ያው ነው።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። «ደግመሽ እይ» የአባቴ የዘወትር ቃል ናት። በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ በመስኮት አይቼ ስነግረው፣ ደግመሽ እይ። የግድግዳው ሰዓት ስንት እንደሚል ስነግረው፣ ደግመሽ እይ። ልክ ብሆንም ባልሆንም ይለኝ ነበር። እኔ ግን ስሳሳት ብቻ የሚለኝ ስለሚመስለኝ፣ ያንኑ መልስ መድገም በየጊዜው ድፍረት ይጠይቀኝ ነበር።

አባቴ የሚጠይቀኝን ነገር ራሱ አላየውም ብሎ ማሰብ የማይሞከር ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ረቂቅ አንብቦ ስህተት የሚለቅም። ባልደረቦቹ «ንስሩ» ይሉታል። ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው የያዘውን ገጽ በግልባጩ እያነበበ የጎደለች ነጥብ አገኘ እየተባለ ይወራለታል፤ የሚያወሩትም በዓይናችን አየን የሚሉ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሚዛኑ ስንት እንደሚል ሲጠይቀኝ፣ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ራሱ የጻፈውን ድምር እንደሚጠይቀን ነው። መምህሩ መልሱን አያውቅ ይሆን ብሎ የሚጠረጥር ተማሪ የለም።

ከቤታችን ጀርባ ድሮ ልብስ ይታጠብባት የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። አባቴ ከተዘጋ የሙያ ትምህርት ቤት ያገኘውን አሮጌ ቶርኖ እዚያ ተክሎታል። ማሽኑ እንጨቱን ያሽከረክራል፤ አባቴ መሮውን አስጠግቶ እየፋቀ ቅርጽ ያወጣለታል። እንጀራው አልነበረም፤ የቅዳሜና የእሑድ ፍቅሩ ነው። እናቴ ቶርኖውን እንደ ጣውንት ነበር የምትቆጥረው። «ፍቅፋቂዋን ምንጣፌ ላይ እንዳታመጣብኝ እንጂ፣ እዚያው ብታድርም ግድ የለኝም» ትለዋለች።

መሮዎቹ ስድስት ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተሰልፈው ይሰቀላሉ። አባቴ እጀታቸውን በሞረድ ቦርቡሮ ምልክት አድርጎባቸዋል፤ የመጀመሪያው ላይ አንድ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስት። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም በቀለም አበባ ልጨምርበት ወይ ብዬው ስቋል። አንድ ቀን ሦስተኛውን አንስቼ አምስተኛው ቦታ ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ እጁን ልኮ አወረደው፤ በአውራ ጣቱ እጀታውን ዳሰሰ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያም ፈጽሞ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ማን ነው የነካው?» አለ።

እንዲህ በትንሽ ነገር የሚቆጣ ሰው አልነበረም። ሥርዓት ስለሚወድ ነው አልኩ ለራሴ። እኔም ሥርዓት ስለምወድ የገባኝ መሰለኝ።

እንጨቱ የመጣው ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ከነበረው ትልቅ ዛፍ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ በተቆረጠ ዕለት አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ ስለነበር ቆመን አየን። ግንዱ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያህል እባጭ ወጥቶበታል። አባቴ ሄዶ መዳፉን አሳረፈበትና እንደ ሕፃን ልጅ ራስ ዳበሰው። ቆራጩ ሳቀ።

«ይሄ እኮ በሽታ ነው ጌታዬ። ለጣውላ አይሆን፣ ለማገዶ አይፈለጥ።»

«ለእኔ ስጠኝ።»

«ምን ሊያደርጉት?»

«ሳህን።»

ቆራጩ መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «አደራ፣ በዚህ ላይ በልታ ልጅቷም እንዳታብጥ» አለና በመጋዝ ቆርጦ ሰጠን።

አባቴ በትከሻው ተሸክሞት፣ በየጥጉ እያረፍን ሄድን። ዛፉ እዚያ ቦታ ላይ አንዴ ቆስሎ ሊሆን እንደሚችል፣ ከዚያ በኋላ እንጨቱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በየአቅጣጫው እየተጠቀለለ እንዳደገ ነገረኝ። «ሌላው እንጨት መስመር ነው፤ ይሄ ደመና ነው። ከፍተሽ እስክታዪው ምን እንደያዘ አታውቂም።»

በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። የተሻለውን ግማሽ ብረት ክብ ላይ በአራት ብሎን አስሮ ማሽኑ ላይ አወጣው። እርጥብ ነበር፤ ፍቅፋቂው እንደ ክር እየተተረተረ ክንዴ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዘኛል፤ ክፍሉ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። የአውራ ጣት ያህል ወፍራም አድርጎ ጎድጓዳ ካወጣለት በኋላ ማሽኑን አጠፋ።

«አለቀ?» አልኩት፤ የሚመልሰውን ባውቅም መስማት እወዳለሁ።

«ገና ነው። አሁን ብናቀጥነው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ያኔ መልሰን እናቃናዋለን።»

በራሱ ፍቅፋቂ ሸፍነን ወረቀት ከረጢት ውስጥ አስገባነው። ይሄንንም በየሳምንቱ ቅዳሜ እኔ ልመዝነው ተስማማን። ውኃው ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ አልቀንስም ካለ ደርቋል ማለት ነው። የዚያ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ዛሬም አለኝ፤ ዘጠኝ መቶ አርባ፣ ስምንት መቶ ዘጠና አምስት፣ ስምንት መቶ ስድሳ። አባቴ ቁጥሩን በቃሉ ይይዘዋል፤ አንዴም ደብተሬን ተቀብሎ አላየም።

ከመዘንኩት በኋላ ሌላ ሥራ አለኝ። ሳህኑን መስኮቱ ጋ ወስጄ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ አንድ ምልክት አድርገናል፤ እሱ ዐሥራ ሁለት ቁጥር ነው፤ ሳህኑን እንደ ሰዓት እያሰብኩ የነገሩን ቦታ እናገራለሁ።

«ሦስት ቁጥር ላይ ጥቁር ነገር አለ።»

«ምን ያህል? ምን ይመስላል?»

«የምስር ፍሬ ያህል። ዙሪያውን ክብ ክብ መስመር አለው።»

«ከጠርዙ በስንት ጣት?»

«በሦስት።»

«ደግመሽ እይ። ስንጥቅ አለ?»

«የለም።»

ስንጥቅ የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ሳህኖች እንደዚሁ መዝኜ፣ እንደዚሁ መስኮት ጋ ይዤ፣ በመጨረሻ «አለ» ያልኩባቸው ናቸው። ሁለቱንም በመጥረቢያ ፈልጦ ውኃ ማሞቂያው ምድጃ ውስጥ ከተታቸው። ሳለቅስ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ «የተሰነጠቀ እንጨት ሲሽከረከር ይበተናል። ሰው ይጎዳል። ስንጥቅ ያለበትን ማሽን ላይ አላወጣም፣ በቃ» አለኝ። ስለዚህ የዚህኛው ሳህን ዕድሜ በእኔ አፍ ላይ እንደተንጠለጠለ አውቅ ነበር።

በዚያው ዓመት አባቴ ከቢሮ ረቂቅ ይዞ መምጣት ጀመረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት እንቀመጥና እኔ ነጥቡን ሳይቀር ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ከተማይቱም ጸጥ አለች፣ አራት ነጥብ። አዲስ መስመር።» እሱ ቅጂውን ፊቱ ዘርግቶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ያዳምጣል። ድንገት «ተመለሺ» ይላል። «‹ሕዝብ› ያልሽውን በየትኛው ‹ሐ› ጻፉት?»

«በሃሌታው።»

«ደግመሽ እይ።»

«በሃሌታው ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ክበቢበት። እጅ ጽሑፍሽም ይሻሻል።» ቀዩን እስክሪብቶ ወደ እኔ ይገፋዋል።

የክፍላችን ምርጥ አንባቢ ሆንኩ። መምህራችን እናቴን አስጠርቶ አመሰገናት። እናቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ የተመሰገነች ሴት ፊት አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ልብስ ስትተኩስ ከመኝታ ቤት ሰማኋቸው።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ልጅቷን ይዘህ እኮ ነው!»

«ደስ ይላታል።»

«ደስ ስለሚላት ነው እንዴ? ንገራቸው። አንተ ካልነገርካቸው እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ካውያው ልብሱ ላይ ሲንሸራተት ብቻ ተሰማ። አባቴ የሚደብቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ለቢሮ ሰዎች የማይታያቸው፣ ከእኔ ጋር የሚሠራው፣ ደስ የሚለኝ። ቶርኖው ነው። አንድ የተከበረ አራሚ ትርፍ ጊዜውን ሰጋቱራ ውስጥ እንደሚያሳልፍ ቢያውቁበት ያፍራል ብዬ ደመደምኩ። ምስጢሩን ለመጠበቅ ለራሴ ቃል ገባሁ። እናቴ ደግሞ አሳባቂ መሰለችኝ፤ ለሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ግምቴን የሚያረጋግጥ ነገርም መጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ቤታችን ድረስ መጣ። ሠራተኞቹ «ማይክራፎን» ይሉታል፤ በሹክሹክታ መናገር ያልተፈጠረለት ሰው ነው። የበሩ ደወል ሲጮህ አባቴ ሮጦ የቶርኖ ክፍሉን በር ዘጋ፤ ከሸሚዙ ላይ ሰጋቱራውን አራገፈ። አላልኳችሁም ነበር? እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ስህተቱ የመጽሐፉ ሽፋን ላይ እኮ ነው፣ ንስሩ!» ይላል ማይክራፎን፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። «ውስጥ ቢሆን ማን አንብቦት። ሽፋኑ ላይ፣ አውራ ጣት በሚያህል ፊደል!»

አባቴ የሚመልሰው እኔ ጋ አይደርስም።

«ሌላ ሰው ቢሆን ገባኝ። አንተ? ሃያ ሁለት ዓመት? ከላይ ያሉት ይጠይቁኛል። ሰኞ ቢሮዬ ናና አንድ ነገር ንገረኝ። ምንም ይሁን። ለእነሱ የምሰጠው አንድ የሚያዝ ነገር።»

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ጉንጬን ቆንጥጦ፣ «አባትሽን ታግዣለሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጎበዝ። ዓይንሽ የእሱን ይውረስ።»

ሽፋኑን እኔ አላነበብኩትም ነበር። አባቴ ለእኔ ያመጣልኝ የነበረው የውስጡን ገጾች ብቻ ነው፤ ሽፋን ቢሮ ውስጥ ነው የሚታየው፣ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ይሄን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የገባኝ ሌላ ነው፤ አባቴ ሐሳቡ እንጨቱ ላይ ስለሆነ ነው ስህተቱ ያለፈው። እንግዲህ ሳህኑም ተሰንጥቆ ምድጃ ውስጥ ከገባ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ተደረገ?

ማይክራፎን ከሄደ በኋላ ሳህኑን መዘንኩት፤ ስድስት መቶ ዐሥር። ባለፈው ሳምንት ስድስት መቶ ዐሥር። ከዚያ በፊትም እንደዚሁ።

«ደርቋል» አለ አባቴ። «ነገ እንጨርሰዋለን።»

እሑድ ጠዋት ከረጢቱን ከፈትን። ሳህኑ ሞላላ ሆኗል፤ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ይንገዳገዳል። አባቴ በሁለት መዳፉ ያዘውና አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመች። ቁም ነገር ሊናገር አስቦ እንደተወው ሰው፣ ለአንድ አፍታ። ከዚያ አለፈች። ሳህኑን ሰጠኝ።

«መስኮቱ ጋ ውሰጂው። ስንጥቅ አለ?»

ነበረ። አራት ቁጥር ላይ፣ ከጠርዙ ጀምሮ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ የሚያልቅ፣ ከፀጉር የቀጠነ መስመር። ሳህኑን ትንሽ ወደ ብርሃኑ ሳዞረው ይታያል፤ ስመልሰው ይጠፋል።

ያሰብኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት ራሴ ነኝ የማውቀው። አባቴ ንስር ነው፤ አይቶታል። ጣቱም ቆማ አይቻታለሁ። የሚጠይቀኝ እኔ ማየቴን ለማወቅ ነው። አለ ካልኩ ሳህኑን ያስፈለጥኩት እኔ ነኝ። የለም ካልኩ «ደግመሽ እይ» ይለኛል፤ ያኔ ደግሜ አይቼ አለ እላለሁ። ልዩነቱ ጥቂት ጊዜ ነው። ግን በዚያ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ውሳኔው ከእኔ ወደ እሱ ይሻገራል።

«የለም» አልኩ።

ጠበቅኩ። ሁለተኛው መልስ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የውጭው ቧንቧ ባልዲ ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ አራት ጠብታ ቆጠርኩ።

«ጎበዝ» አለ አባቴ። «እንጀምር።»

እፎይ አልኩ። አይቶት፣ መዝኖት፣ ምንም አያደርግም ብሎ የተወው መሰለኝ።

ማሽኑ ሲሠራ እንደተለመደው በሩ ውጭ ቆምኩ፤ የእኔ ቦታ እዚያ ነው። ሞላላው እንጨት መጀመሪያ መሮውን ቋ፣ ቋ፣ ቋ አደረገው። ከዚያ እየተቃና ሲሄድ ድምፁ ወደ ፉጨት ተለወጠ። ፍቅፋቂው አሁን ደረቅ ነው፤ እንደ አቧራ ይበናል። አባቴ አቁሞ ጎኑን ሲዳብሰው ደመናው ታየኝ፤ ቡናማና ወርቃማ ክቦች አንዱ በአንዱ ውስጥ። ፈገግ አለ። የማሽኑን ቀበቶ ወደ ፈጣኑ መዘውር አሻገረና እንደገና አስነሳው።

የተሰማው ድምፅ እንደ ጥይት አልነበረም፤ ሰው እንዲህ ሲል እሰማለሁ። ሳንቃ ላይ እንደተጣለ ድንጋይ ነበር፣ አንድ ጊዜ። ማሽኑ መዞሩን ቀጥሏል። አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ቅንድቡ ላይ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል።

«ደህና ነኝ» አለ። «እናትሽን ጥሪያት። አትሩጪ።»

ሮጥኩ።

ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ሰባት ስፌት ተሰፋ። ሰኞ እናቴ ቢሮው ሄደች፤ እሱ አልሄደም። በሳምንቱ ውስጥ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች በየተራ እየመጡ ሳሎናችንን ሞሉት። አባቴ ጥቁር መነጽር አድርጎ ጥግ ላይ ይቀመጣል። እኔ በትሪ ላይ የውኃ ብርጭቆ ደርድሬ እዞራለሁ።

«አንዲት ስንጣሪ እንጨት!» ይላል ማይክራፎን። «እንዲህ ያለውን ዓይን!»

«ምን ይደረግ» ትላለች እናቴ፣ ወደ መሬት እያየች።

«ታዲያ ከአሁን በኋላ ማንበብ…?»

«አይችልም።»

አባቴ መነጽሩን ያስተካክላል። እኔ ብርጭቆዎቹ እንዳይንቀጫቀጩ ትሪውን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ይዤዋለሁ። የሚባለው ሁሉ ለእኔ የሚባል መሰለኝ።

በወሩ በክብር ሸኙት። ትልልቅ ቁጥር ያለው የግድግዳ ሰዓት ሰጡት። ንስሩ መባሉ አልቀረም፤ እንጨት የጣለው ንስር ሆነ። የቶርኖው ክፍል ተቆለፈ፤ ቁልፉን እናቴ ወሰደችው። ሳህኑን ማገዶው ክምር ላይ ጥላው አገኘሁት። የተገነጠለችውን ስንጣሪ ደግሞ ከመቆለፉ በፊት ከሰጋቱራው ውስጥ ለቅሜ ነበር። ሁለቱንም በዚያው ከረጢት አድርጌ ልብሴ መሀል ደበቅኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም። የሚቀጣኝ ሰው ባለመኖሩ ቅጣቱን ራሴ ያዝኩት።

አድጌ ሥራዬ ማየት ሆነ። ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የደም ናሙና አያለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም። የማሠለጥናቸው ልጆች ከጀርባዬ «ወይዘሮ ደግመሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከረጢቱ በተከራየሁበት ቤት ሁሉ ተከትሎኛል።

ባለፈው ዓመት ለመደበኛ ምርመራ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ከእኔ የምታንስ ወጣት ናት፤ ቅጹን እየሞላች ጠየቀችኝ።

«በቤተሰብ የዓይን ችግር ያለበት ሰው አለ?»

«አባቴ ማንበብ አይችልም። ግን በሽታ አይደለም፣ አደጋ ነው። እንጨት መታው።»

«የቱ ጋ?»

የቀኝ ቅንድቤን አሳየኋት።

«የቀኝ ዓይኑ ነው የማያየው?»

«ሁለቱም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በአንድ ምት ሁለቱም?»

ሃያ ስምንት ዓመት። ሁለት ጊዜ ሳላየው የማልፈው ነገር የለም ብዬ የምኮራ ሰው፣ ይሄን አንድ ጊዜም አላየሁትም።

«ብቻውን ይራመዳል?» አለችኝ።

«ይራመዳል።»

«ሲያይሽ ፊቱን ወደ ጎን ያደርጋል?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ድሮም…» አልኩና አፌ ክፍት ቀረ። ሚዛኑ መጣ። የግድግዳው ሰዓት መጣ። የመሮዎቹ እጀታ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ቅጂ፣ ቀዩ እስክሪብቶ፤ ተራ ገብተው እንደሚጠብቁ ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። ሐኪሟ የእይታን መሀል ወስዶ ዳሩን የሚተው በሽታ እንዳለ፣ በዘር ሊተላለፍ እንደሚችልም ነገረችኝ። የእኔን መረመረች። ደህና ነው።

በዚያው ቅዳሜ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከረጢቱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። እጁን ሲያስገባ ደረቁ ፍቅፋቂ ኮሽ አለ።

«ይሄ…» አለ። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው። አባዬ፣ ያን ቀን ስንጥቁን አይቼው ነበር። የለም ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ ዞረች፤ የተገነጠለው ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«አራት ቁጥር ላይ» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ጣቴ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?»

«የለም እንድትይኝ።» የተገነጠለውን ጠርዝ ዳሰሰ። «ደግመሽ እይ ብልሽ አለ ትይኛለሽ። እሱን ፈራሁ። ሰኞ ማይክራፎን ፊት ልቆም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ራሴ ጨርሼ መሄድ አማረኝ።»

«እኔ እኮ ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ፊቱን ወደ ጎን ሊያደርግ ሞከረ፤ በዳሩ ሊያየኝ ፈልጎ። ከዚያ ተወውና ጥቁር መነጽሩን አወለቀ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሁላችሁም። ለመጣው ሰው ሁሉ እንጨት መታው ስትሉ።»

«ለሰው ነው እኮ!» አለች እናቴ። በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ነበር፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። «ለሥራ ቤት ነው። ዓይኑ ታሞ ደብቆ ሲሠራ ቆየ ከሚሉት ብለን። አንቺማ ቤት ውስጥ ነሽ፣ ታውቂያለሽ ብለን…»

«እኔም እዚያው ነበርኩ፣ እማዬ። ብርጭቆ ይዤ።»

እናቴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። አባቴ ሳህኑን ሲያገላብጥ ቆየ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልወጣም።

«ብትነግሪኝ እኮ አልፈልጠውም ነበር» አለ በመጨረሻ። «የእነዚያ ስንጥቅ እስከ ታች ነበረ። የዚህ ሁለት ጣት ናት። ጠርዙን ሁለት ጣት ማውረድ ነበር። ትንሽ ሳህን ይወጣው ነበር።» ከዚያ ራሱን ቀና አደረገ። «አንቺ፣ ቁልፉ የት ነው?»

እናቴ ጥያቄው ለእሷ መሆኑን አውቃለች። «የቶርኖዋን?»

«የሌላ ሴት ቁልፍ አለኝ እንዴ?»

ስንጣሪዋን በኮላ መልሰን፣ ጠርዙን በፕላስተር ጠምጥመን አንድ ቀን አሳደርነው። እሑድ አባቴ መሮዎቹ ወደተሰቀሉበት እጁን ላከ፤ ዝገት ይዟቸዋል፣ ግን እንደተሰለፉ ናቸው። በአውራ ጣቱ ቆጥሮ አራተኛውን አነሳ፤ እኔ በሞረድ ሳልኩለት። ቀበቶውን ዝግተኛው መዘውር ላይ አደረግነው። እሱ ይፍቃል፤ እኔ በሩ ውጭ ቆሜያለሁ። ጠርዙ እየወረደ፣ ሰጋቱራው የአባቴን ክንድ እያለበሰው ሄደ። ማሽኑን አቆመና ሳህኑን በመዳፉ ሳይነካው እጁን አነሳ።

«ነይ። አለቀ?»

ገብቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አራት ቁጥር ላይ ደመናው ብቻ ነው፤ ክብ በክብ ውስጥ።

«አልቋል» አልኩ።

«ደግመሽ እይ።»

የኪስ መብራቴን አብርቼ ከጎን አስጠጋሁት። አዲሱ ጠርዝ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የማትሞላ፣ ከፀጉር የቀጠነች ጫፍ ቀርታለች። መብራቱን ሳዞረው ትታያለች፤ ስመልሰው ትጠፋለች።

«ትንሽ ቀርቷል፣ አባዬ» አልኩት።

«እንግዲያው ከበሩ ውጪ ሁኚ» አለና ማሽኑን አስነሳው።